የስኳር ሕመም ይዞ መጾም፦ መድኃኒቱን ከሰዓቱ ጋር ማስማማት፣ ደረጃ በደረጃ

ዓቢይ ጾም ወይም ረመዳን በተቃረበ ቁጥር በስኳር ክትትል ክሊኒካችን ደጋግሞ የሚመጣብኝ ጥያቄ አንድ ነው፦ «ዶክተር፣ መጾም እችላለሁ ወይ?» አብዛኛው ጠያቂ አዎ ወይም አይሆንም የሚል መልስ ይጠብቃል። መልሱ ግን የሚወሰነው የሚወስዱት መድኃኒት የትኛው እንደሆነ፣ በስንት ሰዓት እንደሚበረታና በዚያ ሰዓት ሆድዎ ውስጥ ምግብ መኖር አለመኖሩ ታይቶ ነው። በጾም ወቅት ተጎድተው የሚመጡ ታማሚዎቼን ስጠይቅ የማገኘው ምክንያት ከሁለት አንዱን ነው። ወይ መድኃኒቱን እንደ ወትሮው ወስደው ሳይበሉ ውለዋል፤ ወይ «ካልበላሁ መድኃኒት ምን ያደርግልኛል» ብለው በገዛ እጃቸው አቋርጠውታል። መድኃኒት ጾም አያውቅም፤ ሰዓቱ ሲደርስ ሥራውን ይሠራል።

ይህ መመሪያ በሕክምና ክትትል ላይ ላሉ አዋቂዎች የተጻፈ ነው። ሰዓቱን ሁሉ የጻፍኩት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ እዚህ የተጻፈውን አንብበው የመድኃኒትዎን መጠን በራስዎ አይቀይሩ። ይህ መመሪያ የቀጠሮዎ ዕለት ሐኪምዎ ፊት ምን መጠየቅና ምን ይዞ መቅረብ እንዳለብዎ ያሳይዎታል፤ መጠኑን የሚወስነው ግን የእርስዎን ኩላሊት፣ ዕድሜና የስኳር ታሪክ የሚያውቀው ሐኪም ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

• የስኳር መለኪያ መሣሪያ (ግሉኮሜትር)፣ ጊዜው ያላለፈበት የመለኪያ ወረቀት (ስትሪፕ) እና የጣት መውጊያ
• የዕለቱን ቁጥርና ሰዓት የሚጽፉበት ደብተር
• የሚወስዷቸው መድኃኒቶች በሙሉ ከነማሸጊያቸው፤ የግፊቱና የልቡም ጭምር
• በኪስ ወይም በቦርሳ የሚያዝ ስኳር፦ በትንሽ ላስቲክ የታሰረ 3 ሙሉ የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ወይም ለስላሳ መጠጥ
• ስኳር ታማሚ መሆንዎን፣ የሚወስዱትን መድኃኒትና የቅርብ ቤተሰብ ስልክ ቁጥር የያዘ ወረቀት
• በቤት ውስጥ ሁኔታውን የሚያውቅ አንድ ሰው

የመጨረሻውን አይናቁት። ስኳር በጣም ሲወርድ መጀመሪያ የሚደክመው ማሰቢያው ስለሆነ፣ ስኳሩ ኪስዎ ውስጥ እያለ እጅዎን መስደድ ሊያቅትዎት ይችላል። ያን ጊዜ የሚያድንዎ አጠገብዎ ያለው ሰው ነው።

ደረጃ 1፦ ጾሙ ከመግባቱ ከ6 እስከ 8 ሳምንት አስቀድመው ሐኪም ይዩ

በጾሙ ዋዜማ መጥተው «ነገ ልጀምር ነው» ቢሉኝ የማደርግልዎት ነገር ትንሽ ነው። አስቀድመው ከመጡ ግን የኩላሊት ምርመራ (ክሬአቲኒን) እና የሦስት ወር አማካይ ስኳር (ኤችቢኤዋንሲ) ይታያል፤ አስፈላጊ ከሆነ እንክብሉ ይቀየራል፤ አዲሱ መድኃኒት ሲስማማዎት ለማየትም ጊዜ ይኖራል። ኩላሊት ሲደክም ኢንሱሊንም ሆነ አንዳንዶቹ እንክብሎች ከሰውነት ቶሎ ስለማይወጡ፣ አምና በሰላም የጾሙበት መጠን ዘንድሮ ሊጥልዎት ይችላል። «አምና ጾሜ ምንም አልሆንኩም» የሚለውን ይዘው ምርመራውን አይዝለሉ።

ደረጃ 2፦ መጾም ከሌለባቸው ሰዎች መሆንዎን ይለዩ

ከሚከተሉት አንዱ እንኳ እርስዎን የሚመለከት ከሆነ ከምግብና ከውኃ ተከልክሎ መዋል ለሕይወትዎ አደገኛ ነው፦

• ባለፉት 3 ወራት ስኳርዎ ወርዶ ራስዎን ስተው ወይም የሰው እርዳታ አስፈልጎዎት ከሆነ
• ባለፉት 3 ወራት ስኳርዎ በጣም ወጥቶ በኬቶአሲዶሲስ (በኢንሱሊን እጥረት ደም አሲዳማ ሲሆን) ሆስፒታል ተኝተው ከሆነ
• ስኳርዎ ሲወርድ ምልክቱ የማይታወቅዎት ከሆነ፤ ማለትም ላቡና መንቀጥቀጡ ሳይመጣ በቀጥታ ግራ የሚጋቡ ከሆነ
• ዓይነት አንድ የስኳር ሕመም ኖሮብዎት ስኳርዎ ያልተረጋጋ ከሆነ
• ነፍሰ ጡር ሆነው ኢንሱሊን የሚወስዱ ከሆነ
• የኩላሊት እጥበት የሚያደርጉ ወይም ኩላሊትዎ በጣም የደከመ ከሆነ
• በቅርቡ የልብ ድካም ወይም ስትሮክ አጋጥሞዎት ከሆነ፣ ወይም አሁን ትኩሳት፣ ተቅማጥ ወይም ትውከት ካለብዎት
• በዕድሜ ገፍተው ብቻዎን የሚኖሩና ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚወስዱ ከሆነ

ከእነዚህ ወገን ከሆኑ ወደ ንስሐ አባትዎ ወይም ወደ ሼኩ ሄደው በግልጽ ይንገሯቸው። በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የታመመ ሰው ጾም በንስሐ አባት ምክር ይቀልለታል፤ በእስልምናም ታማሚ እንዳይጾም የተፈቀደ ሲሆን፣ ሕመሙ የማይለቅ ሲሆን በፊድያ (ድሃ በማብላት) ይተካል። ከቻሉ ሐኪምዎ የሚሉትን በወረቀት አጽፈው ይውሰዱ። በተግባር ያየሁት ነገር አለ፦ የሃይማኖት አባት የፈቀዱለት ታማሚ ምክሩን በሙሉ ልብ ይከተላል፤ ሐኪም ብቻ የከለከለው ግን ተደብቆ ይጾማል። ተደብቆ የሚጾም ሰው ሲደክመውም ለማንም አይናገርም።

ለኦርቶዶክሳውያን መካከለኛ መንገድም አለ። የጾም ምግብ እየተመገቡ፣ ሰዓት ሳይቆጥሩ፣ በወትሮው የምግብ ሰዓት መብላት ይቻላል። ለብዙ ኢንሱሊን ተጠቃሚዎች የምመክረው ይህንን ነው፤ ከንስሐ አባትዎ ጋር ይመካከሩበት።

ደረጃ 3፦ ሳይበሉ የሚቆዩበትን ሰዓት በትክክል ይቁጠሩ

ሰው ጾሙን የሚቆጥረው ከጠዋት ጀምሮ ነው። ሰውነት ግን ከመጨረሻው ጉርሻ ጀምሮ ይቆጥራል። በአገር ቤት ረመዳንን የሚጾም ሰው ሱሁር በልቶ ጎህ ሲቀድ ቢጀምርና ፀሐይ ስትጠልቅ ቢያፈጥር 13 ሰዓት ተኩል ገደማ ይቆያል። ከምሽቱ 2 ሰዓት እራት በልቶ በማግስቱ እስከ ቀኑ 9 ሰዓት የሚጾም ኦርቶዶክሳዊ ደግሞ 19 ሰዓት ሳይበላ ይቆያል። «እኛ እኮ ማታ እንበላለን፤ ረመዳን ነው ከባዱ» የሚሉኝ ታማሚዎች ይህን ሲሰሙ ይደነግጣሉ። ለሊት የሚነሡበት ሱሁር ስለሌለ፣ ማታ የወሰዱት መድኃኒት ሌሊቱን ሁሉ፣ አልፎም እስከ ቀትር ብቻውን ይሠራል።

ስለዚህ በደብተርዎ የመጀመሪያ ገጽ ላይ አንድ መስመር አስምረው የመጨረሻውን ምግብ ሰዓት፣ የእያንዳንዱን መድኃኒት ሰዓትና ጾሙን የሚፈቱበትን ሰዓት ይጻፉበት። ሐኪምዎ ከእርስዎ ከሚሰሙት ሁሉ በላይ የሚጠቅማቸው ይህ መስመር ነው። በውጭ አገር የሚኖሩ ከሆነ፣ በተለይ በሰሜን አውሮፓ፣ የቀኑ ርዝመት እንደ ወቅቱ ስለሚለያይ በየዓመቱ እንደገና ይቁጠሩ።

ደረጃ 4፦ መድኃኒትዎ ከየትኛው ወገን እንደሆነ ይወቁ

ማሸጊያውን ያውጡና ስሙን ያንብቡ።

ሜትፎርሚን። ብቻውን ሲወሰድ ስኳርን ከሚገባው በታች የማውረድ ጠባዩ ዝቅተኛ ስለሆነ ለጾም ከሚመቹት አንዱ ነው። በባዶ ሆድ ሲወሰድ ግን ሆድ ያቃጥላል፣ ያቅለሸልሻል። ስለዚህ የሚወሰደው ከምግብ ጋር ነው፦ በረመዳን በኢፍጣርና በሱሁር፣ በኦርቶዶክስ ጾም በ9 ሰዓቱ ምግብና በእራት። በቀን ሦስት ጊዜ የሚወስዱ ከሆነ አደላደሉን ሐኪምዎን ይጠይቁ። ሜትፎርሚን ለረጅም ዓመታት መውሰድ ቫይታሚን ቢ12ን ይቀንሳል፤ ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል የሌለበት ረጅም ጾም ሲጨመርበት ደግሞ እጥረቱ ይባባሳል። እግርዎ ከደነዘዘ ወይም ካቃጠለዎት «ስኳሩ ነው» ብለው አይተዉት፤ ቢ12 ይመርመር።

ግሊቤንክላማይድ (ዳዎኒል)። በጾም ወቅት ከእንክብሎች ሁሉ የሚያሰጋኝ ይህ ነው። ቆሽትን ምግብ ኖረም አልኖረም ኢንሱሊን እንዲያመነጭ ያስገድደዋል፤ ጉልበቱም እስከ 24 ሰዓት ሊዘልቅ ይችላል። ከእራት ጋር አንድ ፍሬ ወስዶ እስከ ማግስቱ 9 ሰዓት መጾም ስኳርን ሌሊት ወይም ረፋዱ ላይ ሊጥለው ይችላል። ሐኪምዎን «በጾሙ ወራት በሌላ ሊቀየርልኝ ይችላል?» ብለው ይጠይቁ። ግሊሜፒራይድና ግሊክላዛይድ ከዚሁ ዘር ቢሆኑም አደጋቸው ከግሊቤንክላማይድ ያነሰ ነው። በረመዳን አብዛኛውን ጊዜ ዋናው መጠን ወደ ኢፍጣር ይዛወርና የሱሁሩ ይቀነሳል።

ሲታግሊፕቲንና ቪልዳግሊፕቲን። ስኳርን ከመጠን በላይ የማውረድ አደጋቸው ዝቅተኛ ነው። ብዙውን ጊዜ መጠናቸው አይቀየርም።

ዳፓግሊፍሎዚንና ኢምፓግሊፍሎዚን። ስኳርን በሽንት የሚያስወጡ ናቸው፤ አብሮም ውኃ ይወጣል። ውኃ ሳይጠጡ ለሚውሉ፣ በተለይ ለአረጋውያንና ሽንት የሚያሸና መድኃኒት (እንደ ፉሮሰማይድ) ለሚወስዱ ሰዎች የሰውነት ድርቀት ያስከትላሉ። ኬቶአሲዶሲስም ሊያመጡ ይችላሉ፤ የሚያታልለው ነገር የስኳሩ ቁጥር ብዙ ሳይጨምር ሊከሰት መቻሉ ነው። ማቅለሽለሽ፣ የሆድ ሕመምና ፈጣን ጥልቅ ትንፋሽ ከመጣ ቁጥሩን አይተው አይዘናጉ፤ ጾሙን ፈትተው ሐኪም ቤት ይሂዱ።

ኢንሱሊን። እዚህ ላይ ረጋ ብለው ያንብቡ። በእኛ አገር በብዛት የሚሰጠው ደመናማው ኢንሱሊን (ኤንፒኤች) ከተወጋ በኋላ ከ4 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ይበረታል። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ከተወጉ ጉልበቱ የሚያይለው ከረፋዱ 5 ሰዓት እስከ ቀኑ 11 ሰዓት ነው፤ ይኸውም ልክ ቅዳሴ ላይ ቆመው ሆድዎ ባዶ በሆነበት ሰዓት። ማታ 1 ሰዓት የተወጉት ደግሞ ከሌሊቱ 5 እስከ 11 ሰዓት ይበረታል።

ታዲያ «የጠዋቱን ወደ 9 ሰዓት ላዛውረው» ማለት ቀላል መፍትሔ ይመስላል። አይደለም። የ9 ሰዓቱንና የምሽቱን መርፌ የሚለያያቸው 5 ወይም 6 ሰዓት ብቻ ስለሚሆን፣ ሁለቱ ሌሊት ላይ ተደራርበው ስኳርዎን በእንቅልፍ ላይ ሳሉ ሊጥሉት ይችላሉ። በቀን ሁለት ጊዜ ኤንፒኤች ወይም ቅልቅል ኢንሱሊን እየወሰዱ እስከ 9 ሰዓት መጾም ከፈለጉ መጠኑም ሰዓቱም በሐኪም እንደ አዲስ መሠራት አለበት። ለረመዳን የተለመደው አካሄድ የጠዋቱን ሙሉ መጠን ከኢፍጣር ጋር መውሰድና የማታውን መጠን በግማሽ ገደማ ቀንሶ ከሱሁር ጋር ማድረግ ነው። በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰደውን ረጅም ሰዓት የሚሠራ ኢንሱሊን (እንደ ግላርጂን ያለውን) ደግሞ ሐኪሞች ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 30 በመቶ ቀንሰው በኢፍጣር ሰዓት ያዙታል። እነዚህን ቁጥሮች ሐኪምዎ የሚሉትን እንዲረዱበት ይያዟቸው፤ ከእርሳቸው ቃል በፊት አይጀምሩባቸው።

ማስጠንቀቂያ፦ ኢንሱሊንን ሙሉ በሙሉ አያቁሙ፤ በተለይ ዓይነት አንድ ከሆኑ። ባይበሉም ጉበትዎ ስኳር ያመነጫል፤ ኢንሱሊን ከሌለ ሰውነት ስብ እያቃጠለ ደምን አሲዳማ ያደርጋል። በጥቂት ሰዓታት፣ ቢበዛ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ሰው ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። ጠበል የሚጠመቁም ከሆነ ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው ያስኪዱ።

ደረጃ 5፦ ጾሙ ሳይገባ ይሞክሩ

አዲሱ የመድኃኒት ሰዓት ከተወሰነ በኋላ በአንድ ረቡዕ ወይም ዓርብ፣ ሙስሊም ከሆኑም በሸዕባን ወር በአንድ የሱና ጾም ቀን ይሞክሩት። ያን ቀን ረጅም መንገድ አይሂዱ፤ ቤት ሰው ባለበት ይዋሉ፤ በየ3 ሰዓቱ ይለኩ። 55 ቀን ከመጀመርዎ በፊት አንድ ቀን መሞከር ብዙ ነገር ያሳያል። በሙከራው ቀን ስኳርዎ ከ70 (ሚሊግራም በዴሲሊትር) በታች ከወረደ መጠኑ አሁንም በዝቷል ማለት ነው፤ ደብተሩን ይዘው ይመለሱ።

ደረጃ 6፦ በጾም ቀን በእነዚህ ሰዓታት ይለኩ

1. ጠዋት ከቤት ከመውጣትዎ በፊት። ሌሊቱ እንዴት እንዳለፈ ያሳያል። ከ90 በታች ከሆነ ከ1 ሰዓት በኋላ ሳይደግሙ ወደ ሥራ ወይም ወደ ቤተ ክርስቲያን አይሂዱ።
2. ቀትር ላይ፣ 6 ሰዓት ገደማ። የጠዋቱ መድኃኒት የሚበረታበት ሰዓት ነው።
3. ጾሙን ከመፍታትዎ በፊት። ዝቅተኛው ቁጥር ብዙውን ጊዜ የሚገኘው እዚህ ነው።
4. ከበሉ ከ2 ሰዓት በኋላ። ምግቡ ምን ያህል እንዳወጣው ይነግርዎታል።
5. መድከም፣ ላብ ወይም ግራ መጋባት በተሰማዎት ቅጽበት ሁሉ።

የመለኪያ ወረቀት ውድ ነው፤ በየቀኑ አምስት ጊዜ ለካ ማለት ለብዙ ሰው የማይሆን ምክር መሆኑን አውቃለሁ። እጥረት ካለብዎት የመጀመሪያዎቹን ቀናት በደንብ ይለኩና ከዚያ ወዲያ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ያስቀድሙ፤ አምስተኛውን ግን በፍጹም አይዝለሉ። ጣት ወግቶ መለካት የረመዳንን ጾም እንደማያፈርስ አብዛኞቹ ዑለማዎች ይስማማሉ።

ከመለካትዎ በፊት እጅዎን በሳሙና ታጥበው ያድርቁ። ብርቱካን ልጠው ወይም ቴምር ይዘው ቢለኩ ጣት ላይ የቀረው ስኳር ቁጥሩን ከፍ አድርጎ ያሳያል፤ የወረደውን ስኳርም ይደብቅብዎታል። ጥሩ የሚባለው መሣሪያ እንኳ በዝቅተኛ ቁጥሮች ላይ እስከ 15 ነጥብ ወዲህ ወዲያ ሊል ይችላል፤ ስለዚህ 75 አንብበው እየላበዎት ከሆነ ሰውነትዎን ይመኑ።

በውጭ አገር ለሚኖሩ፦ መሣሪያዎ በሚሊሞል የሚያሳይ ከሆነ (በእንግሊዝ እንደተለመደው) ቁጥሩን በ18 ያባዙት። 70 ማለት 3.9፣ 300 ማለት ደግሞ 16.7 ገደማ ነው።

ደረጃ 7፦ ጾሙን የሚያስፈቱትን ቁጥሮች በደብተሩ ልባስ ላይ በጉልህ ይጻፉ

• ከ70 በታች፦ ሰዓቱ ምንም ይሁን ምን ወዲያውኑ ይፍቱ።
• ከ70 እስከ 90፦ ይረፉ፤ ከሥራ ይቆጠቡ፤ በ1 ሰዓት ውስጥ ይድገሙ። እየወረደ ከሆነ ይፍቱ።
• ከ300 በላይ፦ ይፍቱ፣ ውኃ ይጠጡ፣ ሐኪምዎ ጋ ይደውሉ ወይም ይሂዱ።
• ቁጥሩ ምንም ቢሆን፦ ትውከት፣ ተቅማጥ፣ ትኩሳት፣ የደረት ሕመም ወይም ግራ መጋባት ካለ ይፍቱ።

አስቀድሞ መጻፉ የሚያስፈልገው፣ ስኳሩ የወረደበት ሰው በዚያች ሰዓት በትክክል መወሰን ስለማይችል ነው። እዚህ ላይ ልቤን የሚያሳዝነኝ አንድ ነገር አለ። ቁጥሩ 62 ሆኖ፣ ሰዓቱ 8 ተኩል ሆኖ፣ «ግማሽ ሰዓት ነው የቀረኝ፤ ልታገስ» ማለት። በዚያ ግማሽ ሰዓት ውስጥ ኢንሱሊኑ አያርፍም፤ 62 የነበረው 40 ሊሆን ይችላል፤ 40 ላይ ደግሞ ሰው ይንቀጠቀጣል፣ ይወድቃል፣ ራሱን ይስታል። ውሳኔዎን ጤነኛ ሆነው ሳሉ ጽፈው ያስቀምጡና ያን ጊዜ ደብተሩን ብቻ ይታዘዙ።

ደረጃ 8፦ ስኳር ሲወርድ የሚደረገው

ምልክቶቹ፦ ቀዝቃዛ ላብ፣ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ የልብ ምት መፍጠን፣ ድንገተኛ ረሃብ፣ የዓይን ብዥታ፣ ንግግር መንተባተብ፣ ያለ ምክንያት መቆጣት። እንደ ፕሮፕራኖሎል ወይም አቴኖሎል ያሉ የልብና የግፊት መድኃኒቶች መንቀጥቀጡንና የልብ ምቱን ሊደብቁ ይችላሉ፤ ላቡ ግን ይቀራል። ያለ ሙቀት የሚመጣ ላብ ይጠርጠር።

1. ይቀመጡ። መኪና እየነዱ ከሆነ ዳር ይዘው ያቁሙ።
2. 3 ሙሉ የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጠው ይጠጡ። ወይም ግማሽ ጠርሙስ ለስላሳ (ከ300 ሚሊ ሊትሩ)፣ ወይም አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር። ይህ 15 ግራም ገደማ ስኳር ነው። «ስኳር አልባ» የተባለ ለስላሳ አይጠቅምም።
3. 15 ደቂቃ ጠብቀው ይለኩ። አሁንም ከ70 በታች ከሆነ ይድገሙ። መለኪያ ከሌለ ምልክቱ እስኪጠፋ ይድገሙ።
4. ቁጥሩ ሲመለስ ምግብ ይብሉ፤ ስኳሩ ቶሎ ስለሚያልቅ ምግብ ካልተከተለው ተመልሶ ይወርዳል።
5. ያን ቀን ጾሙን አይቀጥሉ። የሆነውን ጽፈው ከቀጣዩ ጾም በፊት ለሐኪምዎ ያሳዩ።

ቸኮሌት፣ ኩኪስ ወይም እንጀራ ለመጀመሪያው እርዳታ አይሆኑም። ስብና ገለባ ያለው ምግብ ስኳሩን ወደ ደም ቀስ ብሎ ነው የሚያደርሰው፤ በዚያች ሰዓት ደግሞ ደቂቃ ዋጋ አለው።

ለቤተሰብ፦ ሰውየው ራሱን ከሳተ ወይም መዋጥ ካቃተው በአፉ ምንም አይስጡት፤ ወደ ሳንባው ገብቶ ያንቀዋል። በጎኑ አስተኝታችሁ በቅርብ ወዳለው ጤና ተቋም አድርሱት፤ በደም ሥር ግሉኮስ ይሰጠዋል። ግሊቤንክላማይድ የወሰደ ሰው ከሆነ በግሉኮሱ ነቅቶ ቢናገርም ቶሎ ወደ ቤት አትመልሱት። መድኃኒቱ ገና ሰውነቱ ውስጥ ስላለ ስኳሩ በዚያው ቀን ወይም ሌሊት ተመልሶ ሊወርድ ይችላል፤ ተኝቶ ክትትል ያስፈልገዋል።

ደረጃ 9፦ ጾሙን ሲፈቱ

ከብዙ ሰዓት በኋላ በአንድ ጊዜ ብዙ መብላት ስኳሩን ወደ ሌላኛው ጥግ ይወረውረዋል። የጾም ምግብ ጤናማ ነው ቢባልም እንጀራ፣ ዳቦ፣ ፓስታ፣ ሩዝና ድንች በአንድ ማዕድ ሲገናኙ ሁሉም ወደ ስኳር የሚለወጡ ናቸው። ከሚበሉት ግማሹ ጎመን፣ ፎሶልያ፣ ሰላጣና የመሳሰለው አትክልት፣ ሩቡ ምስር፣ ክክ፣ ሽሮ ወይም ባቄላ፣ ሩቡ እንጀራ ቢሆን ይበጃል። በአንድ ትሪ ለሚበላ ቤተሰብ መመጠን ይከብዳል፤ ስለዚህ የእርስዎን እንጀራ መብላት ሳይጀመር ቆርጠው በራስዎ በኩል ያስቀምጡ። እሱ ሲያልቅ ሌላ አይጨምሩ፤ ከወጡና ከጎመኑ ግን ይቀጥሉ።

በኢፍጣር 1 ወይም 2 ቴምር ይበቃል። ጭማቂው ይቅርብዎት፤ ፍሬውን ራሱን ይብሉ። ሳምቡሳው አንድ ይሁን። ሱሁርን በተቻለ መጠን ወደ ጎህ አቅርበው ይብሉ፤ ባቄላ (ፉል)፣ እንቁላልና የገብስ ገንፎ ቀስ ብለው ስለሚፈጩ ቀኑን ይዘልቃሉ። ሱሁርን ዘለው መጾም አይፈቀድልዎትም ብዬ የምናገረው ለኢንሱሊንና ለግሊቤንክላማይድ ተጠቃሚዎች ሁሉ ነው።

ጾሙን ከፈቱበት ሰዓት እስከ መኝታ ውኃ ደጋግመው ይጠጡ። ሽንትዎ ከጠቆረ አልጠጡም ማለት ነው። ሽንት የሚያሸና የግፊት ክኒን የሚወስዱ ከሆነ ሰዓቱን ሐኪምዎን ይጠይቁ፤ ጠዋት በባዶ ሆድ ተወስዶ ውኃ ካልተጠጣ ሲነሡ ማዞርና መውደቅ ያመጣል።

ደረጃ 10፦ ጉልበት የሚጠይቁ ቀናትን አስቀድመው ያቅዱ

ስግደት እንቅስቃሴ ነው፤ ጡንቻ ሲሠራ ስኳር ይበላል። በሰሙነ ሕማማት፣ በተለይ በስቅለት ዕለት፣ ኢንሱሊን ወስደው ሳይበሉ መስገድ ከፍተኛ አደጋ አለው። ከንስሐ አባትዎ ጋር ተነጋግረው ስግደቱን ይቀንሱ፤ የሚሰግዱም ከሆነ ከመጀመርዎ በፊት ይለኩና ከ100 በታች ከሆነ አይጀምሩ። እስከ ትንሣኤ የሚዘልቀውን አክፍሎት ግን ኢንሱሊንም ሆነ ግሊቤንክላማይድ የሚወስድ ሰው መሞከር የለበትም። የተራዊሕ ሶላት ከኢፍጣር በኋላ ስለሆነ ይቀልላል፤ ቢሆንም ስኳሩን ኪስዎ ውስጥ ይያዙ። የጉልበት ሥራ የሚሠሩ ከሆነ ከባዱን ሥራ ጠዋት ላይ ያድርጉት፤ ጾሙ ሊፈታ በተቃረበበት ሰዓት አይሁን።

ተደጋግመው የሚታዩ ስህተቶች

«ደህና ነኝ» ብሎ አለመለካት። ስኳር 250 ሆኖ ሰው ምንም ላይሰማው ይችላል። ሁልጊዜ ዝቅ ብሎ የኖረ ሰውም መውረዱን መለየት ያቅተዋል።

የጎረቤትን መርሐ ግብር መከተል። የእርሳቸው ሜትፎርሚን ነው፤ የእርስዎ ኢንሱሊን ነው። በአንድ ማዕድ ስለበላችሁ በአንድ መጠን አትጾሙም።

የዘለሉትን መጠን ማታ ደርቦ መውሰድ። እጥፍ መጠን ሌሊት ላይ ይጥላል። የረሱትን ይተዉትና ቀጣዩን በሰዓቱ ይውሰዱ።

ኢንሱሊኑን ረጅም ቅዳሴ ወይም መንገድ ላይ በፀሐይ ይዞ መዋል። ሙቀት ኢንሱሊንን ያበላሻል፤ ከዚያ ስኳሩ ለምን እንደወጣ ሳይታወቅ መጠን ይጨመራል። ማቀዝቀዣ ከሌለ በእርጥብ አሸዋ በተከበበ የሸክላ ዕቃ ውስጥ፣ ጥላ ሥር ያስቀምጡት።

ደረጃ 11፦ ጾሙ ያለቀ ዕለት

ይህን ደረጃ ብዙ ሰው ይረሳዋል። ለጾሙ የተቀነሰው መጠን ለበዓሉ ምግብ አይበቃም፤ በጾሙ ሰዓት የተደለደለው መድኃኒትም ለሦስት ጊዜ ማዕድ አይሆንም። ስለዚህ የመጨረሻው የሐኪም ቀጠሮ ላይ «በፋሲካ ጠዋት ወይም በዒድ ጠዋት የምወስደው ስንት ነው?» ብለው ጠይቀው፣ መልሱን ከዚያው ደብተር ላይ ያስጽፉ። ጠላ፣ ጠጅና አረቄ ከኢንሱሊንና ከግሊቤንክላማይድ ጋር ሲገናኙ ጉበት ስኳር እንዳያወጣ ስለሚያግዱት ስኳሩ ከመጠጡ ሰዓታት በኋላ፣ ብዙ ጊዜም ሌሊት፣ ይወርዳል፤ ባይጠጡ ይመረጣል፣ ከጠጡም ሳይበሉ አይተኙ። የበዓሉን ሳምንት በየቀኑ ጠዋትና ማታ ይለኩ፤ በጾሙ መጨረሻ በ2 ሳምንት ውስጥ ደብተሩን ይዘው ለክትትል ይምጡ።